በክቧ ውስጥ የቆመው ሰውዬ፦ የነጻ ፈቃድ ምልክቶች ምን ይላሉ?

ባለፈው ዓመት ለልጆች የምትሆን አንዲት ቀጭን የተረት መጽሐፍ ለማሳተም እየተዘጋጀን ነበር። ገጹን የሚያቀናብርልን ልጅ አንድ ማታ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ የሥዕሎቹ ፋይል ግርጌ ላይ ሦስት ክብ ክብ ነገሮች አሉ። አንዷ ውስጥ የሽንት ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን የሚመስል ሰውዬ ቆሟል። ቦታ ስለያዙብኝ ላጥፋቸው?»

«ኧረ እንዳታጠፋቸው!» አልኩት።

ልጁ ግድ የለሽ ሆኖ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ውሎ የሚያመሽ፣ እጁ የተፍታታ ባለሙያ ነው። ግን እነዚያ ሦስት ክቦች ምን እንደሚሉ የነገረው ሰው የለም። እኛ ደግሞ ሥዕሎቹን ያለ ክፍያ፣ ያለ ደብዳቤ የወሰድነው በእነሱ ፈቃድ ነው። ክቦቹ ጠፍተው የሠዓሊዋ ስምም አብሮ ቢጠፋ፣ ፈቃዱ ራሱ ይፈርስብን ነበር። ከዚያ ማታ ጀምሮ ስለ እነዚህ ምልክቶች መጻፍ አለብኝ ስል ቆየሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕጉ ነው። አንድ ሰው ግጥም ሲጽፍ፣ ፎቶ ሲያነሳ ወይም ሥዕል ሲሥል የቅጂ መብት ለማግኘት የትም ሄዶ መመዝገብ አይጠበቅበትም። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረትም ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ አንስቶ ነው። የገንዘብ መብቱ በመደበኛው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህ ዘመን በአብዛኛው 70 ዓመት ነው።

ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት ፎቶ ምንም ካልተጻፈበት «ማንም ይውሰደው» ማለት አይደለም። ዝምታ መስማማት ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። በቅጂ መብት ግን ዝምታ ክልከላ ነው። መፍቀድ የሚፈልግ ሰው አፍ አውጥቶ መናገር አለበት።

እንዴት ይናገር? በረጅሙ ከተናገረ ማንም አያነብለትም። በአጭሩ ከተናገረ ደግሞ ይምታታል። «በነጻ ውሰዱ» ብሎ ፎቶ የለቀቀ ሰው ምን ማለቱ ነው? ቲሸርት ላይ አትሜ ልሽጠው? ቆራርጬ ሌላ ነገር ልሥራበት? ስሙን ልተወው? አማርኛችን ራሱ እዚህ ላይ ያደናቅፋል። «ነጻ» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል፤ ዋጋ የማይጠየቅበትንም፣ ያልታሰረውንም። በነጻ የተበላ ምሳ አለ፤ ነጻ የወጣ እስረኛም አለ። አንድ ሥራ በነጻ ተሰጥቶ ነጻ ላይሆን ይችላል። ማየት ይፈቀድልሃል፣ መንካት ግን አይፈቀድልህም።

የምልክት ነዳፊ ሥራ እንግዲህ ይህ ነው፤ ብዙ ገጽ የሕግ ጽሑፍ የጣት ጥፍር በምታህል ክብ ውስጥ መክተት፣ ያውም ቋንቋው ለማይገባው ሰው ጭምር።

ክብ ውስጥ ያለችውን የላቲን ሲ ሁላችንም እናውቃታለን። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ከሚለው አጠገብ ትቀመጣለች። አሜሪካኖች ሕጋቸው ውስጥ ያስገቧት እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ያኔ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የሚሠሩ ሰዎች ረጅም የመብት ማስታወቂያ ሥራቸው ላይ መጻፍ ስለከበዳቸው አጭር ምልክት አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1952 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት ደግሞ በየአገሩ አዳረሳት። አንዲት ሲና አንድ ክብ። መልእክቷም አንድ ነው፦ «ባለቤት አለው፣ ጠይቅ።»

ለመፍቀድ የሚሆን ተመሳሳይ ምልክት ለረጅም ጊዜ አልነበረም። በነጻ ሶፍትዌር ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ሲዋን ወደ ኋላ አዙረው «ኮፒሌፍት» አሏት። በእንግሊዝኛ «ራይት» መብትም ቀኝም ነውና፣ ቀኙን ግራ ማድረጋቸው ነበር። ብልህ ናት፤ አንዴ ያያት አይረሳትም። ግን የተገለበጠችው ሲ ብቻዋን በሕግ ፊት ምንም አትልም። የባለቤቱን አቋም ትነግርሃለች እንጂ ምን እንደተፈቀደልህ አትነግርህም። ከኋላዋ የተጻፈ ፈቃድ ከሌለ ጌጥ ሆና ትቀራለች።

እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት ይህን ክፍተት ነው ያየው። ከመሥራቾቹ አንዱ የሕግ መምህሩ ላውረንስ ሌሲግ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች የወጡት በ2002 መጨረሻ ነው። አርማውን የነደፈው ራያን ጁኔል ብዙ አልተራቀቀም። ክቡን እንዳለ ተወውና አንዲቱን ሲ ሁለት አደረጋት። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ውሳኔ ነው። ሰው አዲስ ምልክት ከዜሮ እንዲማር አልተጠየቀም። ዓይኑ የለመደው ክብ አለ፤ ውስጡ ግን የሆነ ነገር ተቀይሯል። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው «አንዳንድ መብቶች የተጠበቁ ናቸው» ሆነ።

አንዳንዶቹ የትኞቹ ናቸው? ይህን የሚናገሩት ከአርማው ቀጥለው የሚደረደሩት ትንንሽ ክቦች ናቸው።

ልጁን ግራ ያጋባው ሰውዬ «ስሜን ጥቀስ» ይላል። መጀመሪያ በእሱ ቦታ የቆመው «በ» ወይም «የእገሌ ሥራ» እንደማለት ያለ የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ቃሉ ግን እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ባዶ ነው። ሰውዬው ግን የትም ሰው ነው። ከሽንት ቤቱ ሰውዬ ጋር መመሳሰሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ቋንቋ ሳያሻቸው የሚነበቡ የመንገድና የአውሮፕላን ማረፊያ ምልክቶች የሚሣሉት በዚሁ ስልት ነው። ክብ ራስ፣ ቀጥ ያለ አካል፣ ፊት የለውም። ፊት ቢኖረው የአንድ ሰው ሥዕል ይሆን ነበር።

ሁለተኛዋ ክብ ውስጥ አንድ ቀስት ዞሮ ወደ ራሱ ሊመለስ ይቃረባል። ልብ ብላችሁ ካያችኋት ያቺው የተገለበጠችው ሲ ናት፤ ጫፏ ላይ የቀስት ራስ ተቀጠለላት። «ቀይረህ ከሠራኸው አንተም በዚሁ ፈቃድ መልሰህ አካፍል» ትላለች። እኛን የነካችን ይህቺ ናት። ልጁ የመጽሐፉን ሥዕሎች በጥቁር መስመር ብቻ ነው ያገኛቸው፤ ቀለም የቀባቸው እሱ ነው። ስለዚህ ቀለም የተቀቡትም በዚያው ፈቃድ መውጣት አለባቸው። ነገ ሌላ ሰው የእሱን ቀለም ይዞ የራሱን ቢጨምር ያም እንደዚሁ። ለቅሶ ቤት እንደሚዞር ድስት ነው፤ የተቀበለ ሰው ለሚቀጥለው ያሳልፋል እንጂ ቤቱ አያስቀረውም።

ሦስተኛዋ፣ በእኛ ፋይል ላይ ያልነበረችው፣ የእኩል ምልክት ናት፤ ሁለት አግድም መስመር። «እንዳለ አስተላልፍ፣ አትለውጥ» ማለት ነው። ሲነግሩህ ወዲያው የምትገባ ዓይነት ምልክት ናት፤ ሳይነግሩህ ግን አትገባም። ከቀስቷ ጋር አብራ አትገኝም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀስቷ የምታወራው ስለተለወጠ ሥራ ነው፤ እኩሏ ደግሞ መለወጥ ከልክላለች። የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

አራተኛዋ ላይ ቅሬታ አለኝ። የዶላር ምልክት በሰያፍ መስመር ተሠርዟል። «ለንግድ አትጠቀምበት» ማለቷ ነው። አውሮፓ ውስጥ ዩሮ፣ ጃፓን ውስጥ የን የተሣለባት ዓይነትም አላት። ይህ ራሱ ችግሩን ያሳያል፤ ሰውዬው የትም አገር አንድ ሲሆን ገንዘብ ግን ድንበር በተሻገረ ቁጥር መልኩን ይቀይራል። የእኛ ብር እንደ ዶላር የተለመደ ምልክት የለውም፤ «ብር» ብለን በፊደል ነው የምንጽፈው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አነባበቧ ነው። ብዙ ሰው የተሠረዘ ዶላር ሲያይ «ዋጋ የለውም፣ በነጻ ነው» ብሎ ይረዳል። ከዚያ ወስዶ ለሱቁ ማስታወቂያ ያደርገዋል። ምልክቷ የምትለው ተቃራኒውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለተኛው እትም ሲወጣ ሰውዬው በሁሉም ፈቃዶች ላይ ግዴታ ሆነ። ቀድሞም ፈቃድ ከሚመርጠው ሰው አብዛኛው ስሙ እንዲጠራለት ይፈልግ ነበር። ሰውዬው ከሌሎቹ ጋር ሲደራረብ ስድስት ፈቃድ ይወጣል። ከእነዚህ ውጪ ደግሞ ሁለት የቅርብ ዘመዶች አሉ። አንዷ በ2009 የመጣችው ባለ ዜሮዋ ናት፤ ባለቤቱ በፈቃዱ «መብቴን ሁሉ ትቻለሁ» የሚልባት። ሌላዋ በ2010 የመጣችው የተሠረዘችው ሲ ናት፤ የጥበቃ ዘመኑ ያለቀበት ጥንታዊ ሥራ ላይ «ይህ አስቀድሞም የሕዝብ ነው» ተብሎ የሚለጠፍባት። አንዷ ውሳኔ ናት፣ አንዷ ምስክርነት። የጥንት ብራና ፎቶ ላይ ባለ ዜሮዋን ለጥፎ የሚለቅ ሰው የራሱ ያልሆነውን መብት እየተወ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አርማውንና እነዚህን ክቦች ቋሚ ስብስቡ ውስጥ አስገባቸው። ይገባቸዋል። ግን እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ቤተሰብ መመሳሰላቸው ጉዳትም አለው።

ስድስቱም ፈቃዶች ተመሳሳይ ክብ፣ ተመሳሳይ ጥቁርና ግራጫ ናቸው። ስለዚህ ሰው ባለ ሁለት ሲዋን ብቻ ያይና «አሃ፣ ነጻ ነው» ብሎ ያልፋል። ስድስቱ ግን እኩል ነጻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ጥቂት ሰዎች «ነጻ የባህል ሥራ» ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብለው ጻፉ። መለኪያቸው ጥብቅ ነው፤ መጠቀም፣ ማጥናት፣ ማባዛት፣ ማሻሻል፣ ለንግድም ቢሆን። በዚህ መለኪያ የሚያልፉት ሰውዬው ብቻ ያለበትና ሰውዬው ከቀስቷ ጋር ያለበት ናቸው፤ ባለ ዜሮዋም ታልፋለች። ዶላሯና እኩሏ ያሉባቸው ይወድቃሉ። ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረው ድርጅት በ2007 ይህን መለኪያ ተቀበለ። የተሠረዘ ዶላር ያለበትን ፎቶ የዚሁ ድርጅት የፎቶ ማከማቻ ወደሆነው ዊኪሚዲያ ኮመንስ ብትጭኑ የሚነሳባችሁ ለዚህ ነው።

ልዩነቱን በዓይን ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ2008 ለሁለቱ ፈቃዶች «ለነጻ የባህል ሥራ የጸደቀ» የሚል ማኅተም ተሠራላቸው። ማኅተሙ ግን የሚገኘው የፈቃዱን ማብራሪያ ገጽ ስትከፍቱ ነው። ፎቶው ሥር ያሉት ክቦች እንደ ድሯቸው ናቸው። እኔ ብጠየቅ ልዩነቱን ክቡ ራሱ ላይ አሳየው ነበር። በሩ ላይ መታየት ያለበት ነገር ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል።

ብዙ ሰው የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ የነጻነት ምልክቱ ራሱ ነጻ አይደለም። ባለ ሁለት ሲው አርማ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው። ቀለሙን አስውቤ፣ ሰውዬውን ቀሚስ አልብሼ ልጠቀምበት ማለት አይቻልም። መጀመሪያ ስሰማው ግብዝነት መስሎኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። ማኅተም ማንም እንዳሻው የሚቀርጸው ከሆነ ማኅተምነቱ ይቀራል። ነገ አንዱ ተንኮለኛ ሰውዬውን ትንሽ ቀይሮ ሌላ ውል ከኋላው ቢያስቀምጥ፣ ያመነው ሰው ክስ ላይ ይወድቃል። ሥራው እንዲፈታ ምልክቱ መታሰር አለበት።

ይህንኑ ነገር እኛ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች በየቀኑ እንነካዋለን። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ የተባሉት የግዕዝ ፎንቶች የተለቀቁት በክፍት የፎንት ፈቃድ ነው። ማንም ይወስዳቸዋል፣ ያሻሽላቸዋል፣ መጽሐፍ ያትምባቸዋል። ፈቃዱ ግን አንድ ነገር ያስቀራል። የፎንቱ ባለቤት ስሙን ካስጠበቀ፣ ፊደሉን የቀየርከው አንተ በዚያው ስም መልሰህ ልትለቀው አትችልም። ቅርጹ የሁላችን፣ ስሙ የባለቤቱ። አለዚያ የአንዱ ስህተት በሌላው ስም ይዞራል።

ምልክት በምልክት ላይ መመሥረትም የራሱ ጣጣ አለው። ክፍት የሃርድዌር ንድፍ፣ ማለትም ማንም ሊሠራው የሚችል የመሣሪያ ንድፍ፣ የሚሠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የራሳቸውን አርማ በድምፅ መረጡ፤ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ ክፍተት ያለበት ጥርሳም ጎማ። ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ የተባለው የክፍት ሶፍትዌር ድርጅት አርማ ደግሞ ከቀደመ ጀምሮ የቁልፍ ቀዳዳ ነው። «የእኛን ይመስላል» የሚል ጥያቄ ተነሳ። በመጨረሻ ሁለቱ በስምምነት ጎን ለጎን መኖር ጀመሩ። በመክፈትና በማካፈል የሚያምኑ ሰዎች እንኳ የምልክት ነገር ሲመጣ አጥር ያጥራሉ። አንባቢ እንዳይሳሳት ነው።

ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የዓለም የቁጥር ዝርዝር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዩኒኮድ 13 ለእነዚህ ክቦች አብዛኞቹ የራሳቸው መለያ ቁጥር ሰጣቸው። ከዚያ በፊት እንደ ፎቶ ይለጠፉ ነበር። አሁን እንደ «ሀ» እና «ለ» በጽሑፍ መሐል ይጻፋሉ፤ ይተልቃሉ፣ ያንሳሉ፣ ይገለበጣሉ። ግን ስልካችሁ ላይ ያለው ፎንት ካላወቃቸው ባዶ ሳጥን ታያላችሁ። ያቺን ሳጥን እኛ በደንብ እናውቃታለን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በኋላም ስንት ዓመት የአማርኛ ኢሜይል ስንከፍት ሳጥን ተደርድሮ ጠብቆናል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ምልክቱን አድርጉ፤ አጠገቡ ግን በፊደል ጻፉት።

በፊደል መጻፉ ለሌላም ይጠቅማል። ዓይነ ስውር አንባቢ የስልኩ ድምፅ ክቡን ሊያነብለት አይችልም፤ ጽሑፉን ግን ያነብለታል። ቴሌግራም ላይ ፎቶ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ከሥሩ የነበረው መግለጫ ይቀራል፣ ሥዕሉ ብቻውን ይሄዳል። ወረቀት ላይ ደግሞ ክቡን በጣታችሁ ብትጫኑት የትም አይወስዳችሁም። ድረ ገጽ ላይ ምልክቱ በር ነው፤ ከፍተኸው ፈቃዱን ታነባለህ። መጽሐፍ ላይ ግን የበር ሥዕል ብቻ ይሆናል። ፈቃዱ ያለው ከኋላ ባለው ጽሑፍ ነውና፣ አድራሻውን መጻፍ ግድ ነው።

እኛም ይህን ያወቅነው ስንሳሳት ነው። የመጀመሪያው ናሙና ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ሦስቱ ክቦች ሦስት ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው መጡ። ልጁ ከኢንተርኔት የወሰደው ለስክሪን የተሠራውን፣ 88 በ31 ፒክስል የሆነውን ቁልፍ ነበር። ስክሪን ላይ ያምራል። ወረቀት ላይ ግን የሰውዬው እግር ከክቡ ጋር ተጣብቋል፤ ቀስቷም ቀለበት ሆናለች። ልጁ ናሙናውን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደና በብርሃን ደጋግሞ አየው። ከዚያ ሳይደበዝዝ የሚተልቀውን የቬክተር ፋይል አውርዶ እያንዳንዱን ክብ የትንሽ ጣት ጥፍር አሳከለው። ሥራውን የሚወድ ሰው እንዲህ ነው።

ከሥሩ የጻፍነው ይህን ነው፤ የሥዕሉን ርዕስ፣ የሠዓሊዋን ስም፣ ሥዕሉ የተገኘበትን አድራሻ፣ የፈቃዱን ስም ከእትም ቁጥሩና ከአድራሻው ጋር። በመጨረሻም «ቀለም የተጨመረበት» የሚል፣ ከቀቢው ስም ጋር። ተለውጦ ከሆነ መለወጡን መናገርም የፈቃዱ አካል ነው። አምስት መስመር ፈጀ።

ልጁ መስመሮቹን ጽፎ ሲጨርስ ዝም ብሎ ቆየ። የሽፋኑን ሥዕል ከባዶ ወረቀት ተነስቶ የሣለው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ለሽፋኑስ የራሴን ባደርግበትስ?»

«መብቱ ያንተ ነው። የቱን ትፈልጋለህ?»

ክቦቹን አንድ በአንድ እያነሳ ገጹ ላይ አስቀመጣቸው። የተሠረዘውን ዶላር አስገባ። «አንድ ጎረምሳ ሥዕሌን ቲሸርት ላይ አትሞ ቢሸጥ ይከፋኛል?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። ትንሽ አሰበና አወጣው። ቀስቷን አስገባ፤ እሷንም አወጣ። ባለ ሁለት ሲዋና ሰውዬው ብቻ ቀሩ።

«ስሜን ይጻፉ እንጂ ሌላው ይቅር» አለ። ከሥሩም ስሙን እስከ አያቱ ጻፈ።